የጎረቤት አልጋ አስታማሚ

ብዙ መናገር አልወድም፤ ይህን ግን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ባለቤቴ እማዋይሽ ሆዷን ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ደብረ ታቦር ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሐኪሙ «እህል ካልቀመሱ አይድኑም» ብሎኛል፤ እሷ ደግሞ ከእጄ አልበላም አለች። ጨነቀኝ።

ከአጠገባችን ከገሳይ የመጡ አንዲት እናት ተኝተዋል። ወደ ማታ ግድም አንዲት ነጠላ የለበሰች ልጅ እየመጣች ታበላቸዋለች። በመጀመሪያው ቀን እኛንም አየችና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ «እማማ፣ እኔ ላጉርስዎት። እምቢ ካሉኝ እኔም ጦሜን አድራለሁ» አለቻት። እማዋይሽ ሳቀችና በላች። ከዚያ ወዲህ ሲመሽ በር በሩን ማየት ሆነ ሥራዋ።

ታዲያ አንድ ቀን የሆስፒታሉ ሠራተኞች በሽተኛ እንዴት እንደሚይዙ የሚያጠና ሰው መጣ።

«አባባ፣ ለሠራተኞቹ እንክብካቤ ከአሥር ስንት ይሰጣሉ?»

«ደጎች ናቸው፤ ስምንት በል። ሁለቱን ያስቀረሁት የባለቤቴን ነፍስ የመለሰችው ሠራተኛ ስላልሆነች ነው። የእኒህ እናት ልጅ ናት» አልሁት።

ሴትዮዋ ከአልጋቸው ቀና አሉ። «የኔ? እኔ ምን ልጅ አለኝ! የእርስዎ ልጅ መስላኝ ስመርቅዎት አይደል እንዴ የከረምሁት!»

ይህን ስንባባል ልጅቷ ገባች። ነጠላው የለም፤ ነጭ ገዋን ለብሳለች።

«ከማዋለጃ ክፍል ወደዚህ ተዛውሬያለሁ» አለችና ሳቀች። «አሁን እማማን መርፌ ልወጋቸው ነው። አስታማሚ ወደ ውጭ፣ አባባ!»