አንገቷ አልታጠፍ ያላት ልጅ

ወገዳ ከተማ በሐኪምነት ተመድቤ ስሠራ፣ በጋው ሊያልቅ ሲል፣ የአንድ መንደር ሰዎች አንዲት ትንሽ ልጅ በቃሬዛ ተሸክመው ሆስፒታላችን ደረሱ። አባቷ ከፊት ነበሩ፤ እናቷ ከጎን ሆና በነጠላዋ ጫፍ ከልጇ ፊት ዝንብ ታባርራለች። የመጡት ከቆላው ነው፤ ከማለዳ ጀምሮ አቀበት ሲወጡ ውለዋል።

"ወባ መስሎን ነበር" አሉ አባትየው። "ትኩሳቱ አልለቅ ሲላት፣ የቀመሰችውን ሁሉ ሲመልሳት ጊዜ አመጣናት።"

የወባ ምርመራዋ ነጻ ሆነ። ልጅቷ የመስኮቱን ብርሃን ሸሽታ ወደ ግድግዳው ዞራለች። የታመመ ልጅ እናቱ ስታቅፈው ዝም ይላል፤ እሷ ግን ሲያቅፏት ይብስባታል። እጄን ከማጅራቷ ስር አግብቼ አንገቷን ወደ ደረቷ ላጥፍ ብሞክር እንደ እንጨት ደርቆ እምቢ አለኝ፤ ጉልበቶቿ ግን በራሳቸው ተሰበሰቡ። ማጅራት ገትር መሆኑን ጠረጠርኩ። ለማረጋገጥ ከወገቧ፣ ከአከርካሪዋ መሐል፣ በመርፌ ጥቂት ፈሳሽ መውሰድ ነበረብኝ።

አባትየው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። "ከጀርባው ውሃ የተቀዳ ሰው ሽባ ሆኖ ይቀራል ይላሉ።"

"መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰሯ ካለቀበት ዝቅ ብሎ ነው፤ ሽባ አያደርጋትም" አልኳቸው። "እኔን የሚያስፈራኝ በሽታው ነው። መድኃኒቱን አሁኑኑ እጀምርላታለሁ፤ ፈሳሹን ካየሁ ደግሞ ምን እንደያዛት አውቄ አክማታለሁ።"

ወደ ሚስታቸው ዞሩ። እሷ ወደ አልጋው ጠጋ አለችና "እኔ አጠገቧ ልሁን?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ነርሷ ትይዛታለች። አንቺ ከፊቷ ሁኝላት።"

ተንበርክካ ፊቷን ከልጇ ፊት አስጠጋች፤ ስታስተኛት የምታንጎራጉርላትን እሹሩሩም ቀስ አድርጋ ጀመረች። ከመርፌው የወረደው ፈሳሽ ጤነኛ ቢሆን እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ባለ ነበር። የሷ እንደ እህል እጣቢ የደፈረሰ ነው። የላብራቶሪ ባለሙያውም በማይክሮስኮፕ አይቶ የፈራሁትን ነገረኝ።

መድኃኒቱ ሠራ። ትኩሳቷ በረደ፤ አጥሚት ጠጣች፤ ቀና ብላ ተቀመጠች። አንድ ጠዋት እናቷ ከበሩ ላይ ሆና ስትጠራት ግን አልዞረችም። ደግማ ጠራቻት። ከኋላዋ ሄጄ አጨበጨብኩ፤ ልጅቷ የብርድ ልብሱን ክር መምዘዟን ቀጠለች። በሽታው ጆሮዋን ወስዶታል።

ለእናትየዋ ስነግራት "ነፍሷን ትቶልኛል" አለች። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

ልጅቷና እኔ የተዋደድነው ከዚያ በኋላ ነው። ሕሙማን ስጎበኝ የጋዋኔን ጫፍ ይዛ ትከተለኛለች። ስናገር መዳፏን ጉሮሮዬ ላይ ለጥፋ ንዝረቱን ትይዝና ትስቃለች። የምለው ነገር ሳይኖረኝ እንኳ ለሷ ብዬ አወራ ነበር። ወደ አገራቸው የሄዱ ዕለት አባቷ ትከሻ ላይ ሆና፣ ከአጥሩ ወዲያ እስክትሰወር ወደ ኋላ ታየኝ ነበር።

አሁን የምሠራው ሩቅ ከተማ ነው። አንዴ መንገዱ ሲዘጋ፣ አንዴ እረፍት ሳጣ፣ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ትኩሳት የያዘው ልጅ ማጅራት ስር እጄን ባስገባሁ ቁጥር ትናፍቀኛለች። ቆላው ላይ ኔትወርክ ስለሌለ እናቷ የምትደውልልኝ ወገዳ ለገበያ ስትወጣ ነው። ባለፈው ስትደውል ልጅቷን ይዛት መጥታ ነበር።

"አድጋለች" አለችኝ። "ከእህቶቿ ጋር በእጅ የሚጫወቱት አለ፤ እኔ ግማሹም አይገባኝ።"

"ናፍቃኛለች በያት።"

"እሱን በምን ላስረዳት?"

ስልኩን ከጆሮዋ አወረደችው መሰል። የገበያው ጫጫታ ብቻ ይሰማኛል። ጥቂት ቆይታ ወደ ስልኩ ተመለሰች።

"እንደ እርስዎ ጉሮሮዬን አስነክቼ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ወደ መኪናው መንገድ ጠቆምኩላት፣ ዶክተር። እርስዎ የሚመጡ መስሏት ነው መሰል፣ ይኸው መንገድ መንገዱን ታያለች።"