የሲሚንቶው ቂጣ

ዛሬ ጠዋት በምኖርበት አዲስ ከተማ ሰፈር ጎረቤቴ ቤት ሲያሠራ፣ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ በመስኮት ገብቶ አባባን አስታወሰኝ።

አባቴ ግንበኛ ነበር። በደርግ ጊዜ ታቦር ተራራ ሥር ያለው ቀበሌያችን ትምህርት ቤት ሲያሠራ፣ በስንት ደጅ ጥናት የተገኘውን ሲሚንቶ ዝናብ መታው። የቀበሌው ሊቀመንበር ግን «ነገ ዓምዶቹ ይሞሉ» አሉ።

አባባ አንድ እፍኝ በውሃ ለውሶ ሰሃን ላይ እንደ ቂጣ ጠፈጠፈና ሰጠኝ።

«እስከ ነገ ጠብቂው፤ ከጠጠረ እንሠራበታለን» አለኝ። አሥር ጊዜ እየሄድኩ ነካካሁት።

በማግስቱ ስጫነው ጥፍሬ ሰመጠ። አባባ ሰሃኑን ይዞ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት።

«በዚህ አልሠራም፤ ከሥሩ የሚቀመጡት ልጆች ናቸው» አላቸው።

«ሥራ ልታደናቅፍ ነው?» ብለው ጮኹበት።

«እስቲ ራስዎ ይሞክሩት።»

አውራ ጣታቸው ገባ። በካኪ ሱሪያቸው ጠረጉትና ሄዱ። ሥራው ሌላ ሲሚንቶ እስኪመጣ ቆመ፤ እኛም ያን ዓመት ዛፍ ሥር ተማርን።

ወደ ቤት ስንመለስ «አባባ፣ ውሃ አፈርን ጭቃ ሲያደርግ ሲሚንቶን ለምን ድንጋይ ያደርገዋል?» አልኩት።

«ዕድሜዬን ሙሉ አቦካሁት እንጂ እኔም አልገባኝም። ስትማሪ ትነግሪኛለሽ።»

ከዓመታት በኋላ ኬሚስትሪ ተምሬ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና፣ «እሺ፣ እሱስ ለምን ይሆናል?» አለኝ።