ትንሹ ኤክስ፣ ትልቁ ኤክስ

ከመካኒሳ አቦ ቅዳሴ አስቀድሼ ቤቴ እንደገባሁ፣ ነጠላዬን ከላዬ ሳላወርድ ነው የጸጥታ ሰዎች የመጡት። ሁሉን በርብረው ይዘው የወጡት አንድ ነገር ነው፤ የልጄን ደብተር። እኔንም አብረው ወሰዱኝ።

ላፍቶ ውስጥ ዱሮ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት አስገቡኝ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር የጡብ ያህል ቀዳዳ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ጄኔሬተር ቀኑን ሙሉ ያጓራል። ብቻዬን ነበርኩ። ምግብ የሚያመጣው ጠባቂ እንኳ ሳህኑን በእግሩ ገፋ አድርጎ ይሄዳል እንጂ ቃል አይተነፍስም።

ልጄ ያኔ ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ነበረች። የሰውነትን ኤሌክትሪክ ነው የምትማረው፤ ባዮፊዚክስ ይሉታል። ደብተሩ ለእረፍት መጥታ ረስታው የሄደችው የእሷ ነው፣ ጥፋቱ ግን የእኔ። ወረቀት ሳጣ በአንዱ ገጽ ጠርዝ ላይ የማኅበራችንን ተራ ጽፌበት ነበር። በማኅበር የምንጠራራው በክርስትና ስም ስለሆነ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ጊዮርጊስ እያልኩ ሰባት ስም ደረደርኩ። ስሞቹ ከቀስትና ከላቲን ፊደል ጎን ተቀመጡ።

በአራተኛው ቀን መርማሪው ጠራኝ።

"እነዚህ ሴቶች በመታወቂያ ተፈልገው የሉም" አለ።

"የክርስትና ስም ነው፣ ጌታዬ።"

"እሱን እኔም አውቃለሁ። በክርስትና ስም መደበቅ ይከብዳል? ይልቅ ኤች ማነው?"

"አላውቅም።"

"በየመስመሩ አለ። አለቃቸው ነው?"

"የልጄ ትምህርት ነው።"

"እንግዲያው እሷን አምጥተን እንጠይቃታለና።"

ልጄን በማንሳቴ ተጸጸትኩ። የገጹን ፎቶ ኮፒ ሰጠኝ። "ነገ ጠዋት ትርጉሙን ትነግሪኛለሽ። ካልሆነ ምስጢራዊ መልእክት ነው ብለሽ ትፈርሚያለሽ፤ ልጅሽም ትመጣለች።"

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሂጃብ ያደረገች ወጣት አስገቡብኝ። ሆስፒታል ውስጥ የልብ መመርመሪያ ማሽን ጠጋኝ ነኝ አለችኝ። ለምን እንዳሰሯት አልጠየቅኋትም። ወረቀቱን ሳሳያት ሳቀች።

"እትዬ፣ በዚህ ነው ያሰሩዎት? እኔ ይህን ትምህርት ሁለት ጊዜ ወድቄበታለሁ። ያኔ ነበር መታሰር የነበረብኝ።"

ከዚያ በጣቷ እያሳየች አስረዳችኝ።

"ትንሹ ኤክስ የልብ ምልክት ነው። በቅንፍ ያለው ቲ ጊዜ ነው። ማሽኑ ከፍ ዝቅ እያለ የሚስለው መስመር ማለት ነው። ትልቁ ኤክስ ያው ምልክት ነው፤ ግን በየፍጥነቱ ተለይቶ። ቀርፋፋው ንዝረት ይህን ያህል፣ ፈጣኑ ይህን ያህል ተብሎ። ፍጥነቱን የምትናገረው ይቺ ኦሜጋ ናት።"

"ቀስቱስ?"

"ከአንዱ አጻጻፍ ወደ ሌላው መሻገሪያ ነው። ፉሪየር ትራንስፎርም ይባላል።"

"ታዲያ ሁለት ነገር አይደለም።"

"አንድ ነው። አጻጻፉ ነው ሁለት።"

ዝርዝሬን አየሁት። "እንደኛ ነዋ። ቤት በአንድ ስም፣ ቤተ ክርስቲያን በሌላ። ሴትየዋ ያቺው ናት።"

"እርስዎ ቢያስተምሩኝ ኖሮ አልወድቅም ነበር" አለች።

ኤች በማሽኑ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ነው አለችኝ፤ ከአንድ ሬዚስተርና ከአንድ ካፓሲተር የሚሠራ። የመብራት ኃይል በሴኮንድ ሃምሳ ጊዜ እየተርገበገበ የልቡን መስመር ያበላሸዋል። ልብ ከዚያ ይልቅ ቀርፋፋ ነው። ኦሜጋ ከክፍልፋዩ ሥር ናት፤ እሷ ስታድግ ክፍልፋዩ ያንሳል፤ ስለዚህ ፈጣኑ ይዳከማል፣ ቀርፋፋው ያልፋል። በትንሹ ኤክስ ሲጻፍ ገጽ የሚሞላው ስሌት በትልቁ ኤክስ ሲጻፍ ማባዛት ብቻ ይሆናል። በቃሌ እስክወጣው ድረስ አስደገመችኝ።

ለሶላቷ ነጠላዬን አነጠፍኩላት። እኔም ወደ ግድግዳው ዞሬ ጸሎቴን አደረስኩ። ጀንበር ሳትጠልቅ ጠሯት። በሩ ላይ ዞር ብላ "ይበርቱ እትዬ፤ ኤች ሰው አይደለም" አለችኝ።

እሷ ከሄደች በኋላ ክፍሉ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ባዶ ሆነብኝ። ከጄኔሬተሩ ጩኸት ሥር የሩቅ ደወል ለመስማት ጆሮዬን ጣልኩ። አንዳንዴ የሰማሁ ይመስለኛል፣ አንዳንዴ አይመስለኝም።

ጠዋት ለመርማሪው እንደተማርኩት ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ስልክ ደውሎ መስመሩን ለአንድ ሰው አነበበለት፤ እሺ፣ እሺ ብሎ ዘጋ።

"ኤችን ተውነው" አለ። እስክሪብቶ አቀበለኝ። "አሁን ከየስሙ ጎን የቤት ስማቸውን ጻፊ።"

ከሰባቱ ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። ከጎኗ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩና እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"ስድስቱስ?"

"እኔ የምናገረው የራሴን ነው፣ ጌታዬ።"

ወረቀቱን ወሰደው።

ሌላ አንድ ሳምንት አቆይተው ለቀቁኝ። ምክንያቱን አልነገሩኝም። ልጄን አልነኳትም፤ ተመስገን። ደብተሩ አልተመለሰም። ከጓደኞቿ እየተዋሰች እንደገና ጻፈችው። ስትጽፍ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ትንሹን ኤክስ ከትልቁ እለይላት ነበር፤ ትስቅብኛለች።

ያችን ማሽን ጠጋኝ ልጅ ወዴት እንደወሰዷት አላውቅም። ያን ሁሉ ስናወራ ውለን ስሟን አልጠየቅኋትም። ዛሬም ለጸሎት እንዲነሱልኝ የሰዎች ስም ጽፌ ለቄሱ ስሰጥ፣ ከታች አንድ መስመር ባዶ እተዋለሁ። አንድ እሑድ ጣታቸውን እዚያ ላይ አድርገው "ይህስ?" አሉኝ።

"ስሟን አላውቀውም፣ አባ። ግን አለች።"

ባዶውን መስመር ትንሽ አይተው ወረቀቱን አጠፉና ይዘውት ገቡ።