የዳለቻ አራተኛ ጡት

ባለፈው ሳምንት ቡራዩ፣ ላም ከምታረባው የእህቴ ልጅ ቤት ሰንብቼ ነበር። ጠዋት ከማለቧ በፊት ከየጡቱ ትንሽ ትንሽ ወተት አራት ጎድጓዳ ክፍል ባላት ነጭ ሳህን ላይ አለበችና ሐምራዊ ፈሳሽ ጨምራ ታሽከረክረው ጀመር። «ጡቱ የታመመ ከሆነ ወተቱ ይወፍራል፣ አክስቴ» አለችኝ፣ እንደማላውቅ ቆጥራ። ሳቄ መጣ።

እኔ ይህን ነገር የተዋወቅሁት በንጉሡ ዘመን፣ ሱሉልታ፣ ፊደል በቆጠርሁ በዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ስለነበር፣ አግዳሚው ላይ ከትንንሾቹ መሃል እንደ ግመል ጎልቼ እታይ ነበር።

ወሩ መስከረም ነው፤ ሜዳው ውሃ እንዳዘለ፣ ሣሩ ጉልበት ድረስ። እናቴ የምታሳድገን የላማችንን የዳለቻን ወተት አስፋልት ዳር ለሚቆመው የወተት መኪና እየሸጠች ነበር። ያን ሰሞን ግን ሰብሳቢው ኦቦ ገመቹ ወተቱን በጨርቅ ሲያጠልሉት ጨርቁ ላይ የረጋ ጓል ቀረባቸው፤ መለሱት። በማግስቱም መለሱት። እናቴ ምክንያት ለማግኘት አልተቸገረችም። ጎረቤታችን አዴ ብርቄ በዚያው ሳምንት «አቤት የዚች ላም ወተት!» ብለው አድንቀው ነበር።

«በዓይኗ በላችብኝ!» አለች እናቴ። የስንት ዘመን ጉርብትና ቀረ፤ ሰላምታም ጠፋ። ዳለቻም ለገበያ ታጨች።

እኔ ግን ኦቦ ገመቹን መንገድ ላይ ጠብቄ ምን እንደሚሻል ጠየቅኋቸው።

«ከየጡቱ የመጀመሪያውን ወተት ጥቁር ነገር ላይ አልበሽ እዪ» አሉኝ። «ጥጃው ሳይቀምስ ታዲያ!»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ላሚቱ ወተቷን እንድትለቅ ጥጃው ቀድሞ ይጠባል። የመጀመሪያውን ወተት የሚያውቀው የጥጃው ጉሮሮ ብቻ ነው፤ የተረፈው ሁሉ ተቀላቅሎ ማለቢያው ውስጥ ይገባል። የትኛው ጡት እንደታመመ ማን ሊያይ?

ከቤታችን ጥቁር ነገር ቢባል የእናቴ የሐዘን ነጠላና የእኔ የጽሕፈት ሰሌዳ ነበሩ። ሰሌዳዬን በጠመኔ አራት ቦታ ከፍዬ «ፊት ቀኝ፣ ፊት ግራ፣ ኋላ ቀኝ፣ ኋላ ግራ» ብዬ ጻፍሁበት። እናቴ የሚንፈራገጠውን ጥጃ አንገቱን አንቃ፣ «ቶሎ በይ እንጂ! ፊደልሽን ኋላ ታሳምሪያለሽ!» ትለኛለች። ሦስቱ ንጹሕ ወጡ። ኋላ ግራ ላይ ግን የተፈረፈረ አይብ የመሰለ ነገር ጥቁሩ ላይ ፍጥጥ ብሎ ታየ።

እናቴ ጥጃውን ለቀቀችው። ሰሌዳውን ከእጄ ወስዳ በቀጥታ አዴ ብርቄ ደጅ ሄደች፤ ተከተልኋት። ይቅርታ ማለት ከአፏ የሚወጣ ነገር አልነበረም፤ ሰሌዳውን ዘርግታ ቆመች። እኔ ነገሩን አስረዳሁ።

አዴ ብርቄ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ታዲያ ዓይኔ ከአራቱ አንዱን መርጦ ነው የበላው? ምነው እንዲህ መራጭ አደረግሽኝ!» አሉ።

እናቴ ሳቋ አመለጣት። «ግቢ ወዲህ፣ ሞኝ!» ብለው እጇን ያዟት።

ያቺ ጡት ለብቻዋ እየታለበች ወተቷ ተደፋ፤ የከብት ሐኪምም መድኃኒት ሰጣት። ኋላ መኪናው ወተታችንን ተቀበለ፤ ዳለቻም ገበያ ሳታይ አረጀች።

ይህን ሁሉ ስነግራት የእህቴ ልጅ፣ «አክስቴ፣ የምታወሪው እኮ ከላሟ ይልቅ ስለ ጎረቤቷ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። እናቴ በመጨረሻው ሕመሟ አልጋ ላይ ስትውል፣ ራሷን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ወተት በማንኪያ ያጠጧት አዴ ብርቄ ነበሩ። እሷም ከንፈሯን ሳትጠርግ፣ «ፊትሽን አዙሪ፣ እንዳትበይኝ!» ትላቸው ነበር። ሁለቱም ማንኪያው እስኪፈስ ድረስ ይስቃሉ።