የተረፈ ቀለም ይመለሳል

የቀበሌያችን ሊቀመንበር የነበረው ሰው ሞተ ብለው ሲነግሩኝ «ነፍስ ይማር» ማለት አቃተኝ። ልጆቼ ቂመኛ ነሽ ይሉኛል። ልክ ናቸው። መፈክር በየቤቱ ይጻፍ ብሎ ደንብ ያወጣው እሱ ነው፤ ለእሱ የሚሆን ምሕረት ሆዴ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።

ሠፈራችን ከነፋስ ስልክ ወደ ላፍቶ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ያኔ ከቤታችን ጓሮ ጀምሮ እስከ ለቡ ድረስ ሜዳና እርሻ ነበር። ዛሬ ፎቅ የቆመበት ቦታ ሁሉ በግ ይግጥበት ነበር። ዘመኑ የቀይ ሽብር ዘመን ነው። እኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ጠዋት ትምህርት ቤት ስሄድ መንገድ ላይ የተጋደመ ሬሳ ካገኘሁ ቀሚሴን ሰብስቤ ዞሬ አልፋለሁ። ሰው ይህንንም ይለምዳል። መልመዴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ቀድሞ የሰልፍ መፈክር የሚጽፍልን የቀበሌው ሠዓሊ ነበር። አንድ ጠዋት ከነብሩሹ ወሰዱትና በዚያው ቀረ። ሰልፍ ግን አይቀርም። ስለዚህ ሊቀመንበሩ በእሁዱ ስብሰባ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ከእንግዲህ እያንዳንዱ ቤት የራሱን መፈክር ራሱ ያዘጋጃል» አለ። አጨበጨብን። ቀድሞ የሚያቆመው ማን ይሆን እያልን፣ በጎን እየተያየን፣ መዳፋችን እስኪግል አጨበጨብን።

ከዚያ ደንቡን አሰማን። ዝም ብሎ የወጣ ደንብ እንዳይመስላችሁ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ የአንድ ሰው አጥንት አለበት። የመፈክሩ ዱላ ከክንድ አይርዘም ተባለ። ባለፈው ሰልፍ አንድ የአብዮት ጥበቃ ከአንዱ ልጅ እጅ ዱላውን ነጥቆ የልጁን ጭንቅላት ፈልጦበት ነበር፤ ጥፋተኛው ዱላው ሆነ። ሥዕል አይጨመርበት ተባለ። አንድ አስተማሪ የተሰጠውን መፈክር ለማሳመር ብሎ ጥግ ላይ ፀሐይ ቢስልበት «ይቺ ፀሐይ የማን ናት? ለማን ነው የምትወጣው?» እየተባለ ውስጥ እግሩን ተገርፎ፣ ቤቱ የገባው እየዳኸ ነው። ከጨርቁ ጀርባ ራስጌው ላይ ማኅተም ይመታ፣ ላይና ታቹ በዚያ ይታወቅ ተባለ። ማንበብ የማይችሉ አንድ ሽማግሌ መፈክሩን ዘቅዝቀው ይዘው ቢወጡ ጥበቃዎች መንጋጋቸውን በሰደፍ ሰብረዋቸው ነበር። ሽማግሌው እዚያው ስብሰባው ላይ ነበሩ። አገጫቸውን በሻሽ አስረው ደንቡን ሰሙ፤ ሲያልቅ እሳቸውም አጨበጨቡ።

የመጨረሻው ደንብ ስለ ቀለሙ ነው። አቡጀዲውንም ቀዩን ቀለምም የሚሰጠው ቀበሌው ነው። ቀለሙ የሚታደለው የቤት ቁጥር በምስማር በተጫረበት ጣሳ ሲሆን፣ የተረፈው በሰልፉ ዋዜማ ከነጣሳው ይመለሳል። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ቀይ ቀለም ቤቱ ያደረ ሰው ሲነጋ ግንብ ላይ ጽፎበት ይገኛል ብለው ነው የሚፈሩት። ያን ሁሉ ጠመንጃ ይዘው ጣሳ ቀለም ይፈሩ ነበር።

ቤት ውስጥ ሦስት ነን። አባታችን ሚሊሻ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ከዘመተ ወዲህ እናቴ በግ እየነገደች ታኖረናለች። ከገበሬ ከሲታ በግ ትገዛና ሜዳው ላይ አድልባ ለዓመት በዓል ትሸጣለች። ታላቅ ወንድሜ ጋራዥ ይሠራል፤ ጋሼ ነው የምለው። ፖለቲካ ሲወራ ያዛጋል። ሊቀመንበሩ ሲደነፋ ቁጭ ብሎ እንቅልፉን የሚለጥጥ ሰው ከሠፈሩ እሱ ብቻ ነበር፤ እንዳያዩት በክርኔ እየጎሰምኩ የምቀሰቅሰው እኔ ነኝ።

ጽሕፈትሽ ያምራል ተብዬ መፈክሩን እኔ ጻፍኩ፤ ጋሼ አቡጀዲውን ወጥሮ ያዘልኝ። ለእኛ ቤት የደረሰው «አናርኪስቶች ይውደሙ» የሚለው ነው። አጭር ስለሆነ ቀለሙ ከግማሽ በላይ ተረፈ። ጋሼ ጣሳውን አየ፤ ቀጥሎ ግቢው ውስጥ የታሰሩትን በጎች አየ።

የሠፈሩ በግ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ስለሚውል ምልክት ያስፈልገዋል። ሰው ጆሮ ይበጣል፤ ጋሼ ደግሞ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት እያመጣ ይቀባልን ነበር። ክረምት ሲመጣ ዘይቱ ይታጠብና እናቴ «የኔ ነው፣ የለም የኔ ነው» እየተባባለች ከጎረቤት ስትነታረክ ትውላለች። ጋሼ «ይኼኛው ዝናብ አይፈራም» አለና ያንን የአብዮት ቀለም በየበጎቹ ዳሌ ላይ፣ ከላታቸው ከፍ አድርጎ ለቀለቀው።

እናቴ ከጓዳ ወጥታ ስታይ ራሷን ያዘች። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር! መልሱ ተብሎ የለም እንዴ አንተ ልጅ?»

«እማዬ ደግሞ! አለቀ ብዬ ጣሳውን እመልስላቸዋለሁ። ቀለም ሊሰፍሩ ነው?»

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። በጎቹ ቂጣቸው ቀልቶ ሲርመሰመሱ ከእኛ በፊት ሰልፍ የወጡ ይመስሉ ነበር። ጋሼ ባዶውን ጣሳ መለሰ፤ የተቀበለውም ሰው ምንም አላለውም። በማግስቱ ሰልፍ ወጣን፣ ግራ እጃችንን አንስተን ጮኽን፣ ድምፃችን ሰልሎ ተመለስን።

ከሰልፉ በኋላ ባለው ጠዋት፣ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ያለው ግንብ ላይ «ገዳዮች» የሚል አንድ ቃል በቀይ ተጽፎ ተገኘ። ማን እንደጻፈው እስከ ዛሬ አላውቅም። እናቴ ይህ ሳይታወቅ በፊት በጎቿን ነድታ ወደ ሜዳው ወርዳለች። እኔና ጋሼ ሻይ እየጠጣን ሳለ በሩ በእርግጫ ተከፈተ። ሊቀመንበሩ ነው፤ ከኋላው ጥበቃዎች አሉ። የእኛን ጣሳ በእጁ ይዟል። ሌላው ቤት ሁሉ ትንሽም ቢሆን ቀለም ሲመልስ ባዶ ጣሳ የመለስነው እኛ ብቻ ነበርን።

መጀመሪያ ጥያቄ አልጠየቁም። አንዱ ጋሼን በሰደፍ ወገቡን አለው፤ ሲወድቅ ጎትተው ግቢ አወጡትና አንዱ ከነቡቱ እጁ ላይ ቆመ። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ ጣቶቹን አየ። ጥፍሩ ሥር ቀይ ቀለም ነበር።

«ይኸው» አለ፣ የጠፋበትን ዕቃ እንዳገኘ ሰው።

«በጎቻችንን ቀብቼበት ነው!» አለ ጋሼ።

ጥበቃዎቹ ከት ብለው ሳቁ። እኔ «እውነቱን ነው፣ ሲቀባ አይቻለሁ!» እያልኩ መሃል ልገባ ስል ሰደፉ አፌ ላይ አረፈ። የፊት ጥርሶቼ የዚያን ቀን ነው የሄዱት። ከመሬት ስነሳ አፌ ሙሉ ደም ነበር፤ ጋሼን ደግሞ በሆዱ አስተኝተው ውስጥ እግሩን በኤሌክትሪክ ገመድ ይገርፉታል። አልጮኸም ልል አልችልም። ጮኸ። እናቱን እየጠራ ጮኸ። ጎረቤት ሁሉ ይሰማል፤ አንድ በር ግን አልተከፈተም። አልፈርድባቸውም እላለሁ እንጂ እፈርድባቸዋለሁ።

ሊቀመንበሩ እጁን አነሳና ግርፋቱን አስቆመ። «በጎቹ የት ናቸው?»

«ሜዳ ናቸው፣ ከእናቴ ጋር። ሲመጡ ታያቸዋለህ።»

«እንጠብቃለን» አለ ሊቀመንበሩ፤ ከቤታችን በርጩማ አስወጥቶ ተቀመጠ። «ቂጣቸው ቀይ ከሆነ ቀለም ስላባከንክ ገርፌ እለቅሃለሁ። ካልሆነ ግን እዚያው የጻፍክበት ግንብ ሥር ነው የማስተኛህ።» ወደ እኔ ዞረ። «እሷ ስትመጣ ቀድሞ ቃል የሚተነፍስ ካለ እዚሁ ይቀራል።»

ጋሼን እጁን የኋሊት አስረው አንበረከኩት። አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል፤ በደህናው ሲያየኝ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ተርፈናል ማለቱ ነው። እኔም ያው ነው የመሰለኝ። ሊቀመንበሩ እንዲህ ያለ ቃል መስጠቱ ራሱ ገርሞኝ ነበር። በዕድሜዬ በግ እንደዚያን ቀን ናፍቆኝ አያውቅም። ትንሽ በራቀ ድምፅ ሁሉ ጆሮዬ ይቆም ነበር።

ፀሐይዋ ከራሳችን በላይ ስትሆን መጡ። መጀመሪያ የገቡት በጎቹ ናቸው። ያየሁት ዳሌያቸውን ነው። ቀይ የለም። ሁሉም ከላታቸው በላይ ተላጭተዋል፤ የተላጨው ቦታ ላይ ጭቃ ተቀብቷል፤ አንዳንዱ በስለት ተነክቶ ይደማል።

ሜዳው ላይ የሆነውን በኋላ ነው የሰማነው። አንዲት ጎረቤት እየሮጠች ለእናቴ ደርሳ «ቀይ ቀለም ያለበትን ሰው እየፈለጉ ነው፤ ካገኙ ይገድላሉ» ትላታለች። እናቴ በጎቿን አየች። ያንን ቀለም ይዛ ሠፈር መግባት ልጇን ለገዳይ ማሳየት መሰላት። ሣር የምታጭድበት ማጭድ በእጇ ነበር። በጎቹን አንድ በአንድ ጥላ፣ በጉልበቷ ተጭና፣ ቀይ ፀጉራቸውን ላጨች። ፀጉሩን ወንዙ ዳር ጭቃ ውስጥ ቀበረችው። ለዚህ ነው የዘገየችው።

ግቢ ገብታ ልጇን ስታይ ግድግዳ ይዛ ቆመች። ሊቀመንበሩ ከበርጩማው ተነሳ፤ ድምፁን አለሰለሰ። «እናት፣ አይደንግጡ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። እነዚህ በጎች ቀለም ተቀብተው ያውቃሉ?»

ጣሳውን አየች። ጋሼን አየች። ስለ ግንቡ ጽሑፍ የነገራት የለም፤ ጥፋቱ ያ ያልተመለሰ ቀለም መሰላት፤ ለዚያ ደግሞ ተዘጋጅታ ነው የመጣችው።

«የምን ቀለም?» አለች። «በጎቼ ቀለም ነክቷቸው አያውቅም። እከክ ይዟቸው ነው የላጨኋቸው። ልጄ ይሙት!»

አፌን ከፈትኩ። ጋሼ በዚያች በደህና ዓይኑ ተመለከተኝና ራሱን ነቀነቀ፤ አትናገሪ። እሱ ቀድሞኝ ገብቶታል። በጎቹን ቀብቻለሁ ብሎ ከጸና ማስረጃ ያጠፋችውም፣ ሊቀመንበሩን ፊት ለፊት የዋሸችውም እናቴ ልትሆን ነው። ለእንዲህ ያለ ነገር ያን ጊዜ ሴት፣ እናት አይሉም ነበር።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አለው ሊቀመንበሩ።

«እውነቷን ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«ግንቡስ?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። እሷ የምታውቀው ነገር የለም።»

እናቴ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። ከዚያ ወዲያ የሆነው ይሁን ብዬ በዚያ በተሰበረ አፌ «እማዬ፣ ምስክሩ እኮ በጎቹ ነበሩ» አልኳት። የፊቷን ነገር መጻፍ አልችልም። ሊቀመንበሩ እግር ላይ ተደፋች። «ቀብቷቸዋል! ዋሽቼ ነው! እኔ ነኝ የላጨሁት፣ ወንዙ ዳር ቀብሬዋለሁ፣ ኑ ላሳያችሁ!» ሊቀመንበሩ እግሩን አላቀቀና «እናት ምን የማትለው አለ» አለ፣ ያዘነላት እየመሰለ። ጋሼን መራመድ ስላቃተው በብብቱ ጎትተው አወጡት።

እናቴ ወደ ወንዙ ሮጠች። ተከተልኳት። ጭቃውን በጣቶቿ ቧጠጠችው፤ ያንን ቀይ ፀጉር በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ውኃው በልብሷ ላይ እየተንጠባጠበ ቀበሌው በር ላይ ቆመች። «ይኸው! ይኸው ቀለሙ!» አለች። በር ላይ የቆመው ጥበቃ የሠፈራችን ልጅ ነው፤ ሕፃን ሆኖ በእሷ ጀርባ ታዝሎ ያውቃል። ነጠላውን ከእጇ መንጭቆ ፀጉሩን መንገድ ላይ በተነው። «ይሂዱ፣ እትዬ። አምኗል እኮ» አላት። ስትመለስበት በዱላ ትከሻዋን መታት። ከውስጥ የጋሼ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ወደ ማታ ግን ጸጥ አለ።

ጠዋት ከብስራተ ገብርኤል የሚመጣው አስፋልት ዳር አገኘነው። ግንብ ሥር አስተኛሃለሁ ያለውን እንኳ አልጠበቀም። ጥይቱ በጆሮው በኩል ነው የገባው። እጁ አሁንም የኋሊት እንደታሰረ ነው፤ በዚያ እጁ ላይ ስላስተኙት ደረቱ ገፋ ብሎ ነበር። ደረቱ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈበት ቁራጭ አቡጀዲ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። አጠገቡ ጥበቃ ቆሟል። ማልቀስ ክልክል ነው፤ ያለቀሰ አብሮ ይተኛል። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ቆመች። ከብዙ ጊዜ በኋላ አወጣችው።

«ምን ይላል?» አለችኝ። ፊደል አትለይም።

«የአብዮት ጠላት ነበርኩ ነው የሚለው።»

«ስለ በጎቹስ ይላል?»

«አይልም፣ እማዬ።»

«እስቲ በደንብ አንብቢው።»

ደግሜ አነበብኩላት።