የመሕቡባ የኢድ ሰላምታ

መሕቡባ አለቃዋን ፍቅሩን መጸየፍ ከመጀመሯ በፊት ታከብረው ነበር። ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ደግ አይደለም።

የፍቅሩ ቢሮ ዐረብ አገር፣ አል ቁሰይስ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከጎማ ቤት በላይ ያለች ሁለት ክፍል ናት። ሰውየው ሆቴል ውስጥ በሽያጭ ሲሠራ ቆይቶ የወጣ ነው። አሁን ምክር ይሸጣል። ለሐበሻ ምግብ ቤቶች፣ ለፀጉር ቤቶች፣ ገበያ እንዴት እንደሚጠራና ስም እንዴት እንደሚጠበቅ ያስተምራል። ሶስና የምትባል ልጅ ማስታወቂያውን ኮምፒውተር ላይ ታሳምርለታለች። መሕቡባ ደግሞ ታጸዳለች፣ ሻይ ታፈላለች። የወሎ ልጅ ናት፣ የቢስቲማ። እዚህ ከመቀጠሯ በፊት አል ባርሻ አንዲት ማዳም ቤት ሁለት ዓመት በቤት ሠራተኝነት ሠርታለች።

ሻይ ስታቀርብ ጆሮዋ ሥራ አይፈታም። ሻርጃ ምግብ ቤት ያላት ኤልሳ ስትመጣ ፍቅሩ እንዲህ ይላታል፦

«የሌላ ሰው ክትፎ ከኢንተርኔት አውርደሽ አትለጥፊ። የራስሽን አንሺ፣ ቢወይብም ያንቺ ነው። ቅሬታ የጻፈብሽን ሰው አታጥፊው፣ በዚያው ቀን መልሺለት። ደንበኛ በገዛ አፉ ያመሰገነሽን ደግሞ ተጠቀሚበት። ግን አስፈቅደሽ!»

«ኧረ አንተስ ቄስ መሆን ነበረብህ» ትለዋለች ኤልሳ እየሳቀች።

መሕቡባም በልቧ፣ እውነት የሚነገርበት ቢሮ ገባሁ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ትል ነበር።

ከዚያ ዓለሙ መጣ። አጅማን ውስጥ ሠራተኛ የሚያስመጣ ኤጀንሲ ያለው ሰው ነው፤ ሽቶው ቀድሞት ደረጃውን ይወጣል። ጊዜው አገር ቤት መንግሥት፣ ሠራተኛ ወደ ዐረብ አገር እንዳይሄድ ያገደበት ጊዜ ነበር። ዓለሙ ሶፋው ላይ ተዘርፍጦ ያማርራል።

«ሹግሉ፣ ሥራው ቆመ ወንድሜ። በሱዳን በኩል በጉብኝት ቪዛ ማምጣት እችላለሁ፤ ልጆቹ ግን ፈሩ።»

«ስትጠራቸው ሥራ አትበል» አለው ፍቅሩ፣ ለኤልሳ በሚያወራበት በዚያው ረጋ ባለ ድምፅ። «ጉብኝት በል። እገዳ የምትለዋን ቃል ከነጭራሹ አታንሳት። ደግሞ ያንተን ማስታወቂያ ማን ያምናል? የሰፈራቸውን ልጅ ድምፅ ነው የሚያምኑት።»

መሕቡባ ሰማች። ግን ነገሩ ወደ እሷ ይመጣል ብላ አላሰበችም።

በሦስተኛው ቀን ፍቅሩ ጠራት። «መሕቡብዬ፣ ኢድ ደረሰ አይደል? ላገርሽ ሰው ሰላምታ ተናገሪ፤ ለበዓል ከምንለቀው ማስታወቂያ ጋር እናስገባዋለን።» ስልኩን አስጠጋላት። እሷም ደስ ብሏት፣ ሻሿን አስተካክላ፣ ተናገረች።

«አሰላሙ ዐለይኩም የቢስቲማ ሰዎች፣ ኢድ ሙባረክ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ምንም የጎደለብኝ የለም። ሰዉ ሁሉ እንደ ልጁ ነው የሚያየኝ። አብሽሩ፣ አታስቡ።»

ይሄ ንግግር የሷ ብቻ አይደለም። ዐረብ አገር ያለ ሰው ሁሉ ወደ ቤት ሲደውል የሚለው ነው። መሕቡባ አል ባርሻ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ እየተኛች፣ ማዳም ፍሪጁን እየቆለፈችባት፣ ለእናቷ ያለችው ይሄንኑ ነበር። እናት እንቅልፍ እንዲወስዳት ይባላል፤ እንደ ውሸት አይቆጠርም።

ኢድ አልፎ በሳምንቱ ታናሽ እህቷ ሰሚያ በኢሞ ደወለች።

«እታለም! በየሰዉ ስልክ ላይ አንቺ ነሽ እኮ! ገበያው ሁሉ አንቺን ነው የሚሰማው። እኔና የጎረቤት ሀሚዳ ነገ ተነስተናል። ለእማ አልነገርኳትም።»

«የት ነው የምትነሱት?»

«በመተማ ነዋ! አንቺ ጋ!»

መሕቡባ ድምፁን ላኪልኝ አለቻት። መጥረጊያዋን እንደያዘች መታጠቢያ ቤት ገብታ ሰማችው። የራሷ ሰላምታ ነው፣ አንድም ቃል አልጎደለም። መጨረሻው ላይ የዓለሙ ድምፅ ይከተላል፦ «እንደ መሕቡባ መኖር ለምትፈልጉ፣ ለጉብኝት ይደውሉልን።» ከዚያ የአጅማን ቁጥር። አፏን ተጉመጠመጠች፤ ምራቋ ራሱ አስጠላት።

ወጥታ ፍቅሩ ፊት ቆመች። ዓለሙም ነበረ።

«ጋሽ ፍቅሩ፣ በኔ ድምፅ እህቴን ልትሸጧት ነው?»

«ምን ዋሸሁ?» አለ ፍቅሩ ቀና ሳይል። «አንቺ ያላልሽውን አንድ ቃል አልጨመርኩም።»

«አስፈቅዳችሁ ትል አልነበር?»

«እሱ ለደንበኛ ነው። አንቺ የቤት ሰው ነሽ።»

ዓለሙ ሳቀ። «ዋላሂ ድምፅሽ ቆንጆ ነው። ያላ፣ ሻይ አምጪ!»

ሶስና አንገቷን ደፍታ ኮምፒውተሩን ትነካካለች። መሕቡባ ያን ሽቶ፣ ያን ሳቅ፣ ያን ረጋ ያለ ድምፅ አንድ ላይ አሸተተቻቸው፤ ቢሮው እንደ ከረመ ሥጋ ሸተታት። ሻይ አላመጣችም።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ለሰሚያ ደወለች። «አትምጪ» አለቻት።

«ለምን?»

«ብቻ አትምጪ።»

«አንቺ በልተሽ እኛ እንዳንበላ ነው? ከኢድ ወዲህ ምን ተቀየረ?» ሰሚያ ዘጋችባት።

የሚቀረው አንድ ነገር ነበር፤ እሱን ደግሞ ማንም አይናገረውም። ለእናቷ ስትዋሽ መኖሯ የሚገለጥበት ነው። ከታች የጎማ ቤቱ ማሽን እየጮኸ፣ ስልኩን አፏ ላይ ለጥፋ ተናገረች።

«መሕቡባ ነኝ። በኢድ የሰማችሁት ውሸት ነው። የማዳም ፍሪጅ ቁልፍ ነበረው። የልጆቹን ትራፊ ከቆሻሻ መጣያ አውጥቼ በልቻለሁ። ለእናቴ ደህና ነኝ ያልኩት ሁሉ ውሸት ነው። በጉብኝት ቪዛ የምትመጣ ደግሞ እኔ የነበረኝ የሥራ ወረቀት እንኳ የላትም። ወደ አጅማኑ ቁጥር አትደውሉ።» ለሰሚያ ላከችው፣ ለአክስቷ፣ ስልኳ ውስጥ ላለ የቢስቲማ ሰው ሁሉ።

ሰሚያ በማግሥቱ ደሴ መናኸሪያ ላይ ሆና ሰማችው። እሷ ተመለሰች። ሀሚዳ ግን «ቀንታ ነው» ብላ መኪናው ላይ ወጣች።

ፍቅሩም ሰማ። «ስሜን አጠፋሽ። ኸላስ፣ አበቃ፣ ቪዛሽን እሰርዛለሁ» አላት። ለቅሬታ የሰጠው መልስ ይሄ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እናቷ ድምፁን ሰምታ ደወለች። መሕቡባ ለቅሶ ጠበቀች፤ አሮጊቷ ግን ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት።

«ዛሬስ ምን በላሽ? እንዳትዋሺኝ።»

መሕቡባ «አብሽሪ» ልትል አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው።

«ምንም» አለቻት። «እስካሁን ምንም አልበላሁም እማ።»