ትኩሳቷ የጠፋ ለት

እኔ እግሬ አርፎ አያውቅም። ሐይቅ ዳር ካለው ወንድ ልጄ ዘንድ ጥቂት ሰንብቼ አምባሰል ወዳለችው ሴት ልጄ እወጣለሁ፤ ሲሰለቸኝ እመለሳለሁ። ያን ጊዜም እሸት ቋጥሬ ሴት ልጄ ቤት ስደርስ በሩ ተዘግቷል። ትንሿን የልጅ ልጄን ኩፍኝ ይዟት፣ በጋቢ ተጠቅልላ ጨለማ ውስጥ ተኝታለች። በእኛ ዘንድ ኩፍኝ ብርሃን አይወድም፣ መርፌም አይወድም ይባላል፤ ልጄ ያንኑ ይዛ ቤት አስቀምጣታለች። ገላዋ እሳት ነው፣ ትንፋሿ ያፏጫል።

«አውጫት» አልኳት።

«ነፋስ ይመታታል፣ እማ።»

«ይምታት። ተነሽ።»

በባጃጅ ውጫሌ ጤና ጣቢያ ገባን። ነርሷን «የሚገድለውን መድኃኒት ስጫት» ብላት፣ «ቫይረሱን የሚገድል የለንም፣ እማማ። የሚዋጋው የራሷ ገላ ነው፤ እኛ እናግዘዋለን» አለችኝ።

«ታዲያ እኔ ምን ልሠራ መጣሁ?»

«ሊቀመጡ ነዋ። እግራቸው አያርፍም ብላኛለች ልጅዎ።»

ቀጥላ ትኩሳቱን እንዳልረግመው ነገረችኝ። ቫይረስ የገባባት የገላ ቅንጣት ሳይቶካይን የሚባል መልእክት ትረጫለች አለች። ጎረቤቶቿ ሲደርሳቸው በራቸውን ይቀረቅራሉ፤ ተዋጊዎቹም በደም ውስጥ ይደርሳሉ። ገላን የሚያግለው ያው መልእክት ነው።

ስሙ ለአፌ አልመች አለኝ፤ ነገሩን ግን አወቅሁት። በእኛ ጋራ ጅብ በረት ሲገባ አንዷ እሪ ትላለች። የቅርቡ ሰው መጀመሪያ በረቱን ይዘጋል፣ ከዚያ እሱም እሪ ይላል፤ ጩኸቱ ከጋራ ጋራ ይሻገርና ዱላ ያለው ሁሉ ይወጣል። ታዲያ ጅብ ሊያባርር የመጣ ሰው ማሽላውን ረጋግጦት የሚሄድበት ጊዜም አለ።

«ሲበዛስ?» አልኳት።

«ሲበዛ ይጎዳል» አለች። አልሳቀችም።

እዚያው አደርን። በማግስቱ ጠዋት ልጄ ግንባሯን ዳሰሰችና «አልሐምዱሊላህ፣ በረደላት» አለች። እኔም እግሯን ያዝኩ። የሐይቅ ድንጋይ ሆኗል። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ብጠራት አይኗን አልገለጠችም። ኩፍኙ እዚያው አለ፤ ጥሪው ነው የቆመ። ጅቡ በረት ውስጥ እያለ መንደሩ ጭጭ ሲል ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ነርሷ አንድ ጊዜ አየቻትና ሮጠች። ጉሉኮስ ሰቀሉላት፣ ኦክስጅን አደረጉላት። «ደረትዎ ላይ ያድርጓት፣ ሙቀት ትፈልጋለች» አለችኝ። በነጠላዬ ከደረቴ ጋር አሰርኳት። ልጄ ነገሩ ሲገባት መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ «እኔኮ ደስ ብሎኝ ነበር» ትላለች ደጋግማ።

ዱአ ማድረግ ጀመርኩ። ለታመመ ሁሉ «አብርድለት» ስል ነው የኖርኩት። የዚያን ለት ግን «ያረቢ፣ ትኩሳቷን መልስላት» አልኩ። ከጎናችን ልጇን የምታስታምም፣ ማተብ ያሰረች ሴት ሰምታኝ ቀና አለች። ያበደች አሮጊት መስያታለሁ። ምክንያቱን ሳትጠይቅ «አሜን» አለች።

ከቀትር በኋላ ነው እግሯ መሞቅ የጀመረው። ልጄ ነካችውና እጇን ሰበሰበች።

«እማ፣ እንደገና ጋለች።»

«ተያት፣ ይጣሩ» አልኳት።

ትድን አትድን ገና አልለየም ነበር። ነርሷ ወንበር አመጣችልኝ፤ ተቀመጥኩ።

ልጅቱን ይዘን ቤት የገባነው ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ዛሬም ጉንፋን በያዛት ቁጥር ሰው ሁሉ ግንባሯን ይዳስሳል። እኔ እግሯን ነው የምይዝ።